የሟች ምስክሩ ማን ነው? ስለ ሞትና ስለ ፍርድ የተሠሩ የቀድሞ ፊልሞች ታሪክ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ከሒሳብ ዘገባው ቀጥሎ ለአእምሮ ስንቅ የሚሆን አንድ ጽሑፍ ማቅረብ የቆየ ልማዳችን ነው። የዘንድሮው ርእስ ግን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። «እድርን ከሲኒማ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባል እንደሚኖር እናውቃለን፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ አስቀድመን መናገር ይገባናል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችንን ቀበርን። እኒህ እናት ከሃያ ዓመት በላይ ከእድራችን ኀዘን ቤቶች ጓዳ ያልጠፉ ሰው ነበሩ። ድንኳኑ ገና ሳይተከል መጥተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተሸኝቶ ካለቀ በኋላ የመጨረሻውን ድስት አጥበው ይሄዳሉ። ከፊት ወንበር ተቀምጠው አይተናቸው አናውቅም። በቀብራቸው ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍነው እኛ ነን። አራት መስመር ሆነ። የተወለዱበት አገር፣ የልጆቻቸው ብዛት፣ «ደግ፣ ሰው አክባሪና ሃይማኖተኛ ነበሩ» የሚለው የተለመደ ቃል፣ በመጨረሻም ያረፉበት ቀን። ተነበበ፤ አፈር ተመለሰ፤ ሁላችንም ወደ ድንኳኑ ሄድን።

እዚያ አንዲት ጎረቤታቸው ወደ እኛ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ስለ እሷ የምታውቁት ይኸው ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ማታ የእድሩን ፋይል አውጥተን ከዚህ በፊት የጻፍናቸውን የሕይወት ታሪኮች ብናገላብጥ ሁሉም አንድ ሆነው አገኘናቸው። ስሙና ቀኑ ይለያያል እንጂ ለጋሱም ንፉጉም፣ ትጉሁም ሰነፉም በእኛ ወረቀት ላይ አንድ ሰው ነው። እንዴ! ይህ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ኑሮ ኖሮ ነው የሞተው?

ስለ ሟች እውነቱን የሚመሰክረው ማን ነው? ወረቀቱ ነው ወይስ ሰዉ? ይህ ጥያቄ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሐሳባችን አልወጣም። ስንነጋገርበት ከመካከላችን የድሮ ፊልም የሚወደው ጓደኛችን፣ «ይህንኑ ጥያቄ እኮ ፊልም ሠሪዎች ከመቶ ዓመት ጀምሮ ሲመላለሱበት ኖረዋል» አለን። ፊልሞቹን አንድ በአንድ እየፈለግን በልጆቻችን ኮምፒዩተር አየናቸው፤ ታሪካቸውንም ጠየቅን። እነሆ ያገኘነውን ለእናንተ አቀረብን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ወዲያኛው ዓለም ማስተማር ደግሞ የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ስለ ሆነ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ በሚቀባበርበት በእድራችን መጽሔት በዚያ በኩል አንገባም። እኛ የምንጽፈው ፊልም ሠሪዎች ስለ ፍርድ ምን እንዳሰቡ ብቻ ነው።

«ባለጋሪው»

መጀመሪያ የምናነሣው ድምፅ የሌለው የስዊድን ፊልም ነው። ስሙ «ኮርካርለን» ይባላል፤ ባለጋሪው እንደ ማለት ነው። ለሕዝብ የታየው በ1921 በአዲስ ዓመት ዕለት ሲሆን ዲሬክተሩም ዋናው ተዋናይም ቪክቶር ሼስትረም ነበር። ታሪኩ የተወሰደው ሰልማ ላገርሎፍ በ1912 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። ይህች ደራሲ በ1909 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከሴቶች መካከል የመጀመሪያ ሆና የተቀበለች ናት። መጽሐፉን የጻፈችውም ሕዝቡን ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሚያስተምር ነገር እንድታዘጋጅ በተጠየቀች ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም፤ ድሀውን በየጠባብ ቤቱ ይፈጀው ነበር።

የታሪኩ መሠረት አንድ ተረት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሌሊት፣ ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን ሲደውል የሚሞት ኃጢአተኛ የሞትን ጋሪ አንድ ዓመት ሙሉ እየነዳ የሟቾችን ነፍስ እንዲሰበስብ ይገደዳል። ዴቪድ ሆልም የተባለ ሰካራም በዚያች ሌሊት በመቃብር ቦታ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ ይጣላና በጠርሙስ ተመትቶ ይወድቃል። ወዲያው ጋሪው ይመጣል። ነጂው ባለፈው ዓመት የሞተ የመጠጥ ጓደኛው ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ተመልካቹ ዙፋን፣ ዳኛ፣ የተከፈተ መዝገብ ይጠብቃል። አንዱም አይመጣም። ባለጋሪው ዴቪድን ይዞት የሚሄደው ወደ በደላቸው ሰዎች ቤት ነው። ኤዲት የምትባል የሳልቬሽን አርሚ አገልጋይ በሳንባ ነቀርሳ ተይዛ ልትሞት ታጣጥራለች። ከአንድ ዓመት በፊት ዴቪድ ወደ መጠለያው በመጣ ጊዜ የተቀዳደደ ኮቱን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ሰፍታለት ነበር፤ በሽታው የያዛት ከዚያ ኮት ነው። ጠዋት ተነሥቶ ምን አደረገ? እፊቷ ቆሞ እየሣቀ የሰፋችውን ሁሉ በጣጠሰው። ቀጥሎ የሚያየው የገዛ ቤቱን ነው። መከራው የመረራት ሚስቱ ልጆቿንና ራሷን በመርዝ ልትገድል ስታሰናዳ ቆሞ ያያል፤ እጁን ዘርግቶ ሊያስጥላት ግን አይችልም። በዚያን ጊዜ ነው ሰውየው የተሰበረው። ባለጋሪውም ወደ ሥጋው እንዲመለስ ይፈቅድለትና ሮጦ ይደርስላቸዋል።

ጋሪው በባሕር ላይ ሲሄድ፣ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የሚታይበት ሥራ ለዘመኑ ትልቅ ድንቅ ነበር። ካሜራ አንሺው ዩሊየስ የንሶን ይባላል። አንዱን ትዕይንት ያነሣና ያንኑ ፊልም ወደ ኋላ መልሶ በላዩ ላይ ሌላ ያነሣበታል፤ መንፈሱ እንደ ጢስ ስስ ሆኖ የሚታየው በዚህ ዘዴ ነው። ካሜራው በእጅ የሚዞር ስለ ነበረ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር በፍጥነት እኩል ካልሆነ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። እኛን የነካን ግን ያ የተቀደደ ኮት ነው። በዚህ ፊልም ምስክሩ መዝገብ ሳይሆን የተሰፋና የተበጣጠሰ ኮት ነው።

የሰማዩ ጽሕፈት ቤት

ከ1939 እስከ 1945 የተደረገው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ አለፈ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መቃብር እንኳ አላገኙም፤ ለወላጅ የደረሰችው አንዲት ቁራጭ ቴሌግራም ናት። በእኛ ልማድ ስናስበው ድንኳን ሳይጣል፣ ሰልስት ሳይወጣ የቀረ ኀዘን ማለት ነው። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት ስለ ወዲያኛው ዓለም ብዙ ፊልም መሠራቱ አያስደንቅም።

ከእነዚህ መካከል ስመ ጥሩው ማይክል ፓወልና ኤመሪክ ፕረስበርገር በእንግሊዝ አገር የሠሩት «የሕይወትና የሞት ጉዳይ» ነው። ኅዳር (ኖቬምበር) 1 ቀን 1946 ለንደን ላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ በተገኙበት ታየ፤ በየዓመቱ በንጉሣውያን ፊት ፊልም የማሳየቱም ልማድ በዚሁ ተጀመረ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፒተር ካርተር የተባለ አብራሪ በግንቦት (ሜይ) 1945 አውሮፕላኑ እየነደደች፣ ፓራሹት ሳይኖረው ይዘላል። ከመዝለሉ በፊት ጁን ከምትባል የሬዲዮ ሠራተኛ ጋር ጥቂት ቃል ይለዋወጣሉ፤ በዚያችው አፍታ ይዋደዳሉ። ሰውየው መሞት ነበረበት። ነገር ግን ነፍሱን እንዲወስድ የተላከው መልእክተኛ በእንግሊዝ አገር ጉም ምክንያት ሳያገኘው ይቀራል። ፒተር በባሕር ዳር በሕይወት ይነቃል። በሰማይ ደግሞ ሒሳቡ ሲደመር አንድ ሰው ጎደለ!

በዚህ ፊልም ሰማይ ማለት የተስተካከለ፣ ንጹሕ፣ ሰፊ ጽሕፈት ቤት ነው። መዝገብ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ገቢው ይቆጠራል። ፊልም ሠሪዎቹም ብልኃት አድርገው ምድርን በቀለም፣ ሰማይን በጥቁርና ነጭ አነሡት። ሁለቱን ዓለም የሚያገናኘውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ለማሳየት 106 እርከን ያለው በሞተር የሚሄድ እውነተኛ ደረጃ አሠርተዋል። ልጆች ያዩት እንደ ሆነ ቀለሙንና ደረጃውን ይወዱታል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ችሎቱ ነው።

ፒተር «ስሕተቱ የእናንተ ነው፤ እኔ በዚህ መካከል ሰው ወድጃለሁ፤ አልመጣም» ብሎ ይከራከራል። ጉዳዩ በሰማይ ፍርድ ቤት ይታያል። ከሳሹ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በእንግሊዝ ጥይት መጀመሪያ የወደቀው አሜሪካዊ ሆኖ የቀረበ ሰው ነው። ፍርዱን እንዲሰጡ የተቀመጡትም ከፈረንሳይ፣ ከቦር፣ ከሩስያ፣ ከቻይና፣ ከህንድና ከአየርላንድ ወገን የመጡ፣ እንግሊዝ የበደለቻቸው ሕዝቦች ሙታን ናቸው። ድል ባደረጉ ማግስት የገዛ አገርን ግፍ በፊልም ላይ መቁጠር ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን በማድረጋቸው እናመሰግናቸዋለን።

ታዲያ ያን ሁሉ ክርክር የረታው ምንድን ነው? ሕግ ጠቅሰው አልነበረም። አንዲት የጁን እንባ በጽጌረዳ አበባ ላይ ተይዛ እንደ ማስረጃ ቀረበች። በመጨረሻም ጁን በፒተር ፈንታ ልትሞት ወደ ደረጃው ወጣች፤ ያን ጊዜ ደረጃው ቆመ፤ ሕጉም ለቀቀ። የበላኤ ሰብን ታሪክ እየሰማ ላደገ ያገራችን ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ያን ሁሉ ግፍ አንዲት ጥርኝ ውሃ መዝናበት የለም እንዴ? የሰማዩ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ሰውየው ጎድሏል አለ፤ ለምን መኖር እንዳለበት ግን መዝገቡ አያውቅም ነበር። ያወቀችው የምትወደው ሰው ናት።

አሥራ ሰባት ዶላር ከሃምሳ

በዚያው በ1946 በታኅሣሥ (ዲሴምበር) ወር በአሜሪካን አገር ፍራንክ ካፕራ «ድንቅ ሕይወት ነው» የተባለውን ፊልም አወጣ። ካፕራ በጦርነቱ ለአገሩ ሠራዊት ፊልም ሲሠራ፣ ዋናው ተዋናይ ጄምስ ስትዋርት ደግሞ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲያበር ቆይተው የተመለሱ ነበሩ። ፊልሙ ሲወጣ ለሠሪዎቹ ኪሳራ ነው ያመጣው። በ1974 የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ቀረና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሳይከፍሉ በየገናው ያሳዩት ጀመር፤ ዛሬ በአገሩ እጅግ የታወቀው የገና ፊልም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እድርተኛ ይህን ፊልም ቢያይ ራሱን ያገኝበታል። ጆርጅ ቤይሊ በአንዲት ትንሽ ከተማ የቁጠባና የቤት መሥሪያ ብድር ማኅበር ኃላፊ ነው። የልጅነት ምኞቱ አገር ዞሮ ማየት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልሆነለትም። ባንኮች በተጨነቁበት ቀን አባሎቹ ገንዘባችንን ስጡን ብለው ይከቡታል። ጆርጅም ገንዘቡ በሣጥን ውስጥ እንደሌለ፣ የአንዱ መዋጮ የሌላው ጎረቤት ቤት ሆኖ እንደ ቆመ ያስረዳቸዋል። ከዚያም ለጫጉላው ጉዞ ያስቀመጠውን 2,000 ዶላር አውጥቶ ያካፍላል። አንዱ ያለውን በሙሉ አምጣ ይላል፤ ሌላው ሃያ ይበቃኛል ይላል። አንዲት ሴት ግን 17 ዶላር ከ50 ሣንቲም ብቻ ትጠይቃለች። እሷ ልካለች፤ ለሌላው ይተርፈው ብላ ነው። በእያንዳንዱ እድር እንደዚህች ያለች ሴት አለች፤ አናውቃትም እንጂ።

ኋላ የማኅበሩ 8,000 ዶላር በስሕተት ይጠፋል። የከተማው ባለጸጋ ጆርጅን፣ በሕይወት ከመኖርህ ይልቅ የኢንሹራንስህ ወረቀት ይሻላል ብሎ ያሾፍበታል። ጆርጅ አምኖት በገና ዋዜማ ራሱን ወደ ወንዝ ሊጥል ድልድይ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ መልአክ ይመጣና ጆርጅ ባይወለድ ኖሮ ከተማው ምን ይመስል እንደ ነበረ ያሳየዋል። በልጅነቱ ከበረዶ ውሃ ያወጣው ወንድሙ መቃብር ውስጥ ነው። ወንድሙ በጦርነት ያዳናቸው ወታደሮችም ሁሉ ሞተዋል፤ የሚያድናቸው አልነበረማ! በመጨረሻ ጆርጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ የከተማው ሰው ገንዘብ እያዋጣ ቤቱን ሞልቶ ይጠብቀዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን መጨረሻ ልብን የሚያባባ ተረት ነው ይላል። የጆርጅ ሒሳብ መዝገብ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ጉድለት ያሳይ እንደ ነበረ ልብ በሉ። መዝገቡ አልዋሸም፤ ግን ሁሉን አልተናገረም። የቀረውን የተናገሩት ጎረቤቶቹ ናቸው። እነሱም የተናገሩት ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ በጆሮው እየሰማ ነው።

ለቅሶ ቤት እንደ ችሎት

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 «ኢኪሩ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ትርጉሙ መኖር ማለት ነው። ጃፓን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ በአሜሪካኖች አስተዳደር ሥር ቆይታ ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት ነው። በዚህ ፊልም ሰማይ የለም፤ መልአክ የለም፤ የሞት ጋሪም የለም። ፍርድ ቤቱ የሟቹ ለቅሶ ቤት ነው። ለእኛ ለእድርተኞች ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበንም ይኸው ፊልም ነው።

ዋታናቤ የማዘጋጃ ቤት ክፍል ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ከሥራ ሳይቀር ማኅተም ሲመታ ኖሯል። አንድ ቀን የሆድ ካንሰር እንዳለበት ይረዳል፤ ሐኪሞቹ ግን ቀላል ቁስል ነው ብለው ይሸሽጉታል። ለልጁ ሊነግረው አልቻለም። በመጠጥና በጭፈራ ሊረሳው ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ማመልከቻ ትዝ አለው። የአንድ ድሀ ሰፈር ሴቶች የቆሸሸ ውሃ ያቆረበት ቦታ ደርቆ ለልጆቻቸው መጫወቻ እንዲሆን ጠይቀው፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ «እዚያ ሂዱ፣ እዚያ ጠይቁ» እየተባሉ ተመላልሰው ነበር። ይህ ዓይነት ጉዳይ በጃፓን ብቻ ያለ የሚመስለው አንባቢ ካለ ደስተኛ ሰው ነው። ዋታናቤ ያንን ማመልከቻ አንሥቶ ከወንበሩ ተነሣ።

እዚህ ላይ ፊልሙ በድንገት ይቆርጥና ዋታናቤ ከአምስት ወር በኋላ መሞቱን ይነግረናል። መጫወቻው ተሠርቶ አልቋል። የቀረው የፊልሙ ክፍል ከሞላ ጎደል ለቅሶ ቤት ነው። ምክትል ከንቲባው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሥራው የራሱና የመሥሪያ ቤቱ ድካም ውጤት እንደ ሆነ ያወራል፤ የበታቾቹም አዎን አዎን ይላሉ። በዚህ መካከል የዚያ ሰፈር ሴቶች ይገባሉ። ንግግር አያደርጉም። ዕጣን ያጨሳሉ፤ ፎቶግራፉ ፊት ተንበርክከው ያለቅሳሉ፤ ይወጣሉ። ምክትል ከንቲባው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይሄዳል። በዚያ ቤት ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ምስክርነት ያ ልቅሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ እየጠጡ ይከራከራሉ። አንዱ ያየውን ያነሣል፤ ሌላው ይጨምራል። በየቢሮው ደጅ ቆሞ ሲለምን፣ ሲሰደብ፣ ከሕመሙ ጽናት የተነሣ ግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ ያየ ሁሉ የየራሱን ቁራጭ ያወጣል። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያውቅ ነበር፤ ሙሉውን ሰው ግን ማንም አላየውም። አንድ ፖሊስም የሟቹን ባርኔጣ ይዞ ይመጣና በመጨረሻዋ ሌሊት በረዶ እየወረደ፣ በሠራው መጫወቻ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን እንዳየው ይናገራል። ሰካራም መስሎት አልፎት ሄዶ ነበር። ሞቅ ያላቸው ጓደኞቹም «ከእንግዲህ እንደ ዋታናቤ እንሠራለን!» ብለው ይምላሉ።

በማግሥቱስ? በማግሥቱ ሌላ ባለጉዳይ ሲመጣ አዲሱ ኃላፊ እንደ ቀድሞው ወደ ሌላ ቢሮ ይልከዋል። አንድ ሰው ብቻ ተቆጥቶ ከወንበሩ ይነሣል፤ መልሶም ይቀመጣል። እኛስ ከድንኳን ስንወጣ «አይ ሰው ከንቱ! ከእንግዲህስ እንተዛዘን» ያልነውን ከስንት ቀን በኋላ ነው የረሳነው? እዚህ ላይ ኩሮሳዋ የፈረደው በሟቹ ላይ አልነበረም፤ በለቀስተኞቹ ላይ ነው።

ባለጋሪው ሲያረጅ

የመጨረሻው ፊልም ወደ ስዊድን ይመልሰናል። ያ በ1921 «ባለጋሪውን» የሠራው ቪክቶር ሼስትረም አርጅቶ ወደ 78 ዓመቱ ሲጠጋ፣ ኢንግማር በርይማን በ1957 «የዱር እንጆሪ» በተባለው ፊልም የሽማግሌ ሐኪም ክፍል ሰጥቶ አሠራው። ሼስትረም ያረፈው በ1960 ስለ ሆነ የመጨረሻው ታላቅ ሥራው ይኸው ሆነ።

ይሳቅ ቦርይ የተባለው ይህ ሽማግሌ ስለ ረጅም ዘመን አገልግሎቱ ከዩኒቨርሲቲ የክብር ማዕርግ ሊቀበል በመኪና ይጓዛል። ወረቀቱ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ሹመት አለ፣ ሽልማት አለ። ሌሊት ግን በሕልሙ አንድ የሬሳ ጋሪ ሲያልፍ ያያል፤ ከሣጥኑ ውስጥ ያለውም ሰው ራሱ ነው። በመንገድ ላይ ደግሞ ሲያንቀላፋ ፈታኝ ፊት ይቀርባል። የሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ ምን እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ረስቶታል። መልሱ ይቅርታ መጠየቅ ነው። በፈተናው ይወድቃል፤ ቅጣቱም ብቸኝነት ነው ይባላል። አለመታደል ሆኖ ፍርዱን ሳይሞት ፈጽሞበታል፤ ከልጁም ከሟች ሚስቱም ጋር ተራርቆ የኖረ ሰው ነውና። ሆኖም ገና በሕይወት ስላለ ጥቂት ጊዜ ቀርቶታል። ያን ቀን ማታ ከቤት ሠራተኛው ጋር፣ ከልጁና ከልጁ ሚስት ጋር ለመታረቅ እንደ ምንም ይሞክራል። ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም፤ ግን ጀመረ።

እንግዲህ ከእነዚህ ፊልሞች ምን አገኘን? የሠሯቸው ሰዎች የተለያየ አገር፣ የተለያየ ሃይማኖት፣ የተለያየ ዘመን ሰዎች ናቸው። በአንድ ነገር ግን ተስማምተዋል። በፊልሞቻቸው ሁሉ ወረቀት አለ፤ መዝገብ፣ ሒሳብ፣ ማመልከቻ፣ ዲፕሎማ አለ። ሰውን የሚያድነው ወይም የሚያስፈርድበት ግን ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ትንሽ ነገር ነው፤ የተሰፋ ኮት፣ አንዲት እንባ፣ 17 ዶላር ከ50፣ የሴቶች ልቅሶ። ያንን የያዙትም ጎረቤቶች ናቸው።

በመጨረሻ ወደ እናታችን እንመለስ። ፊልሞቹን ካየን በኋላ አፍረን ዝም ማለት አልሆነልንም። ዘግይተንም ቢሆን በየቤቱ እየሄድን ስለ እሳቸው ጠየቅን። ሁለት ደብተር ሊሞላ የሚችል ነገር ሰማን። አንዱን ብቻ እንናገር። አንድ አባላችን ከሥራ ተፈናቅሎ መዋጮ ማቆሙን እኛ አላወቅንም፤ በመዝገባችን ላይ በየወሩ «ተከፍሏል» የሚል ሰፍሯል። ለካስ ለሰባት ወር ሲከፍሉለት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሰውየው ራሱ መጥቶ ነው እያለቀሰ የነገረን። መዋጮው ቢቋረጥ ኖሮ ደንቡ ደንብ ነውና ስሙን እንሰርዘው ነበር፤ በዚያው ጊዜ እናቱ ስለ ሞቱበትም ድንኳናችን ከደጁ ባልተተከለ። መዝገባችን ትክክል ነበር፤ አንድ ሣንቲም አልጎደለም። የከፋዩን ስም ግን አያውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የሟች የሕይወት ታሪክ በእኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይጻፍ። ቢያንስ ሦስት ጎረቤትና አንድ ከጓዳ አብሮ የሠራ ሰው ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ እቃ ቤታችን ውስጥ ከድስቶቹ ጋር አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ አባሎች አንዱ ለሌላው ያደረገውን መልካም ነገር ሰውየው በሕይወት ሳለ ይጻፉበት፤ በየዓመቱ ስብሰባም ባለቤቱ ባለበት ይነበብ። የእድራችን ሰብሳቢ «ዳኛ» መባላቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ምስክር የመስማቱም ሥራ እንዳይረሳ አደራ እንላለን።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የእናታችንን ስም ጽፈናል። እሳቸው አልሰሙትም። ቀጣዩ ሰው ግን ይስማ።